የዶክተር ምልኬሳ የስምንተኛ ክፍል ካርድ

ዶክተር ምልኬሳን አራት ዓመት ሙሉ ጠርጥሬያቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ በፕሬዚዳንት ቢሮ ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት የሠራች ሴት ጥርጣሬን የምትማረው እንደ ታይፕ ነው፤ መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ በኋላ ፊደሉን ሳታይ። ከእሳቸው በፊት አምስት ፕሬዚዳንቶች በእኔ በር ገብተው ወጥተዋል። አምስቱም ሲመጡ ትሑት ነበሩ። አንደኛው ሲወጣ የቢሮውን ምንጣፍ ሳይቀር ጠቅልሎ ሄዷል። ስለዚህ ስድስተኛው ከሕግ ትምህርት ቤት ዲንነት ተነሥተው፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው «ወይዘሮ አሰለፈች፣ እንደምን አደሩ» ብለው ሲጨብጡኝ፣ በልቤ ያልኩት «ይኼኛው ደግሞ ምን ይዞ ሊወጣ ይሆን?» ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን አዳማ ከተማ ዳርቻ ላይ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ነፋስ ሲነሣ መስኮት ካልተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ባረፈው አቧራ በጣት ስም የሚጻፍበት ሰፈር ነው ማለት ይበቃል።

ፋይላቸውን ያነበብኩት በመጡ በሳምንቱ ነው። ማንም አላዘዘኝም። አዳሚ ቱሉ አካባቢ ገጠር ተወለዱ ይላል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በ1985 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት አልፈው፣ ኩየራ ካለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በነፃ አዳሪ ሆነው ገቡ። ከዚያ ሕግ አጠኑ። ከዚያ ዝዋይ ላይ ዳኛ ሆኑ። ከዚያ መምህርነት፣ ህንድ አገር ዶክትሬት፣ በማስረጃ ሕግ ላይ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት፣ ዲንነት። አንድ ዓመት እንኳ የጎደለበት ቦታ የለም። የእኔ ሕይወት እንዲህ ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም፤ የማንም ሰው ሕይወት እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደግሞ አላየሁም። ፋይሉን መልሼ ሳስቀምጥ ጥርጣሬዬ ጨምሮ ነበር።

ዝዋይ የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ ዳኝነታቸው ብዙ ያወሩላቸዋል። በድንበር ክርክር ምስክር ሰምተው ብቻ አይፈርዱም ነበር አሉ፤ ጫማቸው በጭቃ እስኪያልቅ ድረስ ማሳውን ዞረው ያያሉ። አንድ ጊዜ የተፈረደለት ገበሬ በግ ይዞ ደጃቸው ቢመጣ በጉን በጋሪ አስጭነው መለሱለት፤ ባለ ጋሪውንም በጉን ስለ ማስረከቡ አስፈረሙት። ሰው ይህን ሲያወራ እየሳቀ ያደንቃቸዋል። እኔ ደግሞ ለበግ የሚያስፈርም ሰው በሆነ ጊዜ ወረቀት ያስፈራው ሰው መሆን አለበት አልኩ። ይህን ያልኩት ለቡና ቤት ጨዋታ ነበር፤ እውነት ይሆናል ብዬ አይደለም።

የምጠረጥርባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው መንገዳቸው ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ትተው መናኸሪያ ሄደው በሚኒባስ ይሳፈራሉ። ሾፌሩ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሎጅ እያሠሩ ነው ብሎ አስወራ። እሳቸው ቤተሰብ ልጠይቅ አዳሚ ቱሉ ነው የምሄደው ይላሉ። እስከ ሞጆ ድረስ መንገዱ አንድ ስለሆነ ማንን እንደማምን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ድምፁ ወፍራም ሰው በቢሮው መስመር ይደውልና «ኦሊቃን አቅርቢልኝ» ይለኛል። ኦሊቃ የሚባል ሠራተኛ የለንም እለዋለሁ። «አለ፣ ትልቅ ሰውዬ ሆኗል» ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ይህን ስመልስ ዶክተር በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ አነጋግረዋለሁ» ብለው መስመሩን ወደ ውስጥ ወሰዱት፤ በሩንም ዘጉት። በአራት ዓመት ውስጥ በር ዘግተው ስልክ ሲያነጋግሩ ያየሁት በዚያ ሰው ብቻ ነው። በሁለት ስም የሚጠራ ሰው ሁለት ኑሮ አለው ብዬ ደመደምኩ፤ ሁለተኛ ሚስት ይሁን ሁለተኛ ንግድ ብቻ ነበር ያልለየሁት።

በ2015 ዓ.ም. የሠራተኛ ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ይጣራ የሚል ትእዛዝ መጣ። የሰው ሀብት ኃላፊያችን አቶ ቶኩማ የመጨረሻው ዲግሪ ብቻ ይታይ አለ። ዶክተር ግን ሴኔቱ ፊት ቆመው፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ያላቸው የስምንተኛ ክፍል ካርድ ብቻ ስለሆነ ለእነሱ ከስምንተኛ ክፍል የምንጀምር ከሆነ ለፕሬዚዳንቱም ከስምንተኛ ክፍል ነው የምንጀምረው አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ቃለ ጉባኤውን እየያዝኩ አላጨበጨብኩም። የራሱን ኪስ ይፈተሽልኝ የሚል ሰው ታይታ የሚወድ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ማለቴ በልቤ።

የማጣሪያውን የውስጥ መመሪያ ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይል ነበር፦ የማይገባው ማስረጃ እንዳለው ሳይደረስበት በፊት በራሱ ፈቃድ በጽሑፍ ያስታወቀ ሠራተኛ ከደረጃው ዝቅ ብሎ ይሠራል እንጂ አይሰናበትም፤ ከተደረሰበት በኋላ የሚናዘዝ ግን ይሰናበታል። የትኛው እንደቀደመ የሚለየው በፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የገቢ መዝገብ ላይ በሰፈረው ቁጥርና ሰዓት ነው። የገቢ መዝገቡ ደግሞ የእኔ ነው። ያቺን አንቀጽ ስተይባት ለማን የተሰፋች ልብስ ናት እያልኩ ነበር። ሕግ የሚያወጣ ሰው ለሆነ ሰው በር ሳይከፍት አይቀርም፤ ወዳጅ ይኑራቸው፣ ዘመድ ይኑራቸው፣ ብቻ አንድ ሰው አለ አልኩ።

መጀመሪያ በዚያ በር የገባችው ግን ወዳጅም ዘመድም አልነበረችም። ሜቲ የምትባል የሬጅስትራር ፋይል ሠራተኛ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ያላት፣ ፍራንኮ ሰፈር የኪራይ ቤት የምትኖር። አንድ ሰኞ ጠዋት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝ። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ የእኅቷ ነው። እኅቷ ፈተናውን አልፋ ተዳረች፤ እሷ ደግሞ ወደቀች፤ ካርዱ ቤት ከሚቀመጥ ብለው ወላጆቿ ለእሷ ሰጧት። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ካርድ የቤተሰብ ዕቃ ነበር፤ አንዱ ሲተወው ሌላው ያነሣዋል፤ ሌባ የሚባል ነገር ማንም ላይ አይታሰብም። ወረቀቷን በሦስት ሰዓት ከሩብ መዘገብኩት። በማግሥቱ ስለ እሷ የሚናገር ደብዳቤ ከወረዳዋ መጣ።

ቶኩማ ደብዳቤው የተጻፈው ሜቲ ከመናዘዟ ከአሥር ቀን በፊት ስለሆነ ተደርሶባታል፣ ትሰናበት አለ። ዶክተር የደብዳቤው መጻፊያ ቀን ምንም አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው መዝገቡ ነው ብለው ፈረዱላት። ሁለት ቀን ተከራከሩ። ቶኩማ አልተዋጠለትም፤ ጸሐፊዎች መዝገብ ላይ ምን እንደሚሠሩ እናውቃለን፣ አንድ ቀን አገኘዋለሁ እያለ በኮሪደሩ አወራ። ሜቲ ግን በዝቅተኛ ደረጃ ሥራዋ ላይ ቀረች። እኔ ደስ አለኝ፤ ዶክተርንም መጠርጠሬን አልተውኩም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ዝም አሉ። ምሳ አይወጡም፤ ያስገባሁላቸው ደብዳቤ ሳይመራ ጠረጴዛው ላይ ይከርማል። አንድ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው «ወይዘሮ አሰለፈች» ብለው ከጀመሩ በኋላ «ይቅር» ብለው ተመልሰዋል። ይህ ሰው አንድ ነገር ሊያዘኝ ፈልጎ ፈርቷል አልኩ። ምን ሊያዘኝ እንደሚችልም አወቅሁ መሰለኝ፤ ከአምስቱ ያላዘዘኝ የለምና።

በግንቦት አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ቀን ፈቃድ ሞልተው ሄዱ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ፖስታ መጣ። የፕሬዚዳንቱን ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦ በ1985 ዓ.ም. ፈተናውን ያለፈው ምልኬሳ በመዝገባችን ላይ ያለው ፎቶግራፍ ከላካችሁልን ፎቶግራፍ ጋር አይመሳሰልም፤ ምልኬሳ የተባሉት ግለሰብ በአሁኑ ጊዜ በዚሁ ወረዳ በሽንኩርት እርሻ ይተዳደራሉ፤ በስማቸው የተማሩት ኦሊቃ የተባሉት ታናሽ ወንድማቸው እንደሆኑ ከአካባቢው ሰው ተረድተናል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኦሊቃ። ሁለተኛ ሚስትም ሎጅም የለም። ያ በግ ሲያስረክብ የሚያስፈርም ሰው፣ የማስረጃ ሕግ መጽሐፍ የጻፈው ሰው፣ እኔን በአራት ዓመት አንዲት ቀን ያላስቀየመኝ ሰው በወንድሙ ካርድ ነው ዶክተር የሆነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አላበድኩም ነበር ማለት ነው አልኩ። ከደስታው ቀጥሎ ቁጣ መጣ፤ ሜቲ ስትናዘዝ ይህ ሰው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ኑዛዜዋን አንብቧል። ከቁጣው ቀጥሎ የመጣው ግን የለመድኩት ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይህ ደብዳቤ ይጠፋል አልኩ። ሰኞ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ወይዘሮ አሰለፈች ይህ ወረቀት አልመጣም ይሉኛል። አንድ ጊዜ ስልካቸው ላይ ልደውልላቸው አሰብኩ፤ ብደውል ደብዳቤው ከእጄ ሳይወጣ ያስቀሩታል ብዬ ተውኩት።

በዘጠኝ ከአሥር ደቂቃ በቁጥር 1147 መዘገብኩት። ፎቶ ኮፒ አነሣሁ። ከመሸኛ ጋር፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት ብዬ፣ ለቦርዱ ሰብሳቢ በሞተር ላክሁ። የመልእክት ሠራተኛው የተቀባዩን ፊርማ ይዞ እስኪመለስ ድረስ ወደ ቤቴ አልሄድኩም።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ፈቃዳቸው አላለቀም ነበር። ዶክተር ናቸው፤ ከኋላቸው ባርኔጣ ያደረገ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ የእሳቸውን ግንባርና የእሳቸውን አፍንጫ የያዘ ሰው አለ። ሰውየውን ከእኔ ፊት ካለው ወንበር አስቀመጡትና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በእጃቸው የተጻፈ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ይላል። ከግርጌው የሁለት ሰው ፊርማ አለ።

«ይመዝግቡልኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። ከወረዳው ደብዳቤ የበለጠ እንጂ ያነሰ የለውም። ታላቅ ወንድማቸው ፈተናውን ባለፈ በወሩ አባታቸው ሞቱ። ማሳውን የሚያርስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ኩየራ የተገኘው ቦታ ደግሞ ለምልኬሳ ስም ብቻ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል የነበረው ኦሊቃ በወንድሙ ስም ሄደ። የካርዱ ባለቤት ሳይፈቅድ መናገር በደል ስለሚሆንብኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ ከእሱ ጋር ቀርቤአለሁ ብለው ጽፈዋል።

ቀና አልኩ። መዝገቡን አዞርኩላቸውና 1147 ላይ ጣቴን አደረግሁ። ግልባጭ የሚለውንም አዩት፤ ለማን እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ። ቆመው አነበቡ። ዳኛ ሆነው ሲያነቡ እንዲህ ነበር የሚያነቡት ብዬ አሰብኩ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ያለች ልምድ ያላት ጸሐፊ በየቀኑ ማብቂያ አንድ ተራ ባዶ ትተዋለች። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ጎኑ ክፍት ይቀራል። አለቃ ትናንት የገባ እንዲመስል የሚፈልገው ወረቀት ሲኖር እዚያ ይገባል። ሕገ ወጥ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሁሉም ይሠራዋል። አምስቱም ፕሬዚዳንቶች ተጠቅመውበታል። ሊያዙኝ ፈርተዋል ብዬ የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር፤ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። አሁን እኔ ነኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የጠየቅኋቸው። የረቡዕ ተራ ባዶ ናት፣ ወረቀትዎም ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ላስገባው አልኳቸው።

ዓይናቸው ባዶዋ ተራ ላይ ቆየ። አልዋሽም፣ እሺ እንዲሉኝ በልቤ ለመንኩ።

«አንቀጽ ዘጠኝን ያወጣሁት ለራሴ ነበር» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ከስምንተኛ ክፍል ይታይ ያልኩትም ሌላ ሰው ቢደርስብኝ ይሻላል ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ወኔ አጣሁ። ሜቲ ቀደመችኝ።»

«እኮ አሁን ያስገቡት። ማን ያውቃል?»

«ቶኩማ መዝገቡን ያስመረምራል። የእኔ ተራ ሐሰት ከሆነች የሜቲም ሐሰት ናት ይላል፤ በዚሁ መዝገብ ነው የፈረድንላት። ዛሬ ያለበትን ቁጥር ይስጡት፣ ወይዘሮ አሰለፈች። እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት።»

የመጨረሻዋ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። 1149 ብዬ መዘገብኩት፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው፣ ወንድማቸውን «ትንሽ ጠብቀኝ» ብለው፣ ለቦርዱ ሰብሳቢ ሊደውሉ ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን አልዘጉትም።

ከዚያ የሆነውን አዳማ ሁሉ ያውቀዋል። ቶኩማ መዝገቡን አስመረመረ፤ አንድም የተነካ ተራ አልተገኘም፤ የሜቲ ጉዳይ በዚያው ጸና። ዶክተርን ቦርዱ ሰኔ ላይ አሰናበታቸው። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ዲግሪያቸው እንዴት እንደሚሆን ገና በክርክር ላይ ነው፤ የራሳቸውን ክርክር ራሳቸው ይጽፋሉ ይባላል። ሕግ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ሁለቱን መጻሕፍት አሁንም ያነቧቸዋል፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የሽንኩርት ገበሬ ስም እንደሆነ ያውቃሉ። ሰው አታላይ ነበር ይላቸዋል፣ ሌላው የዋህ ነበር ይላቸዋል። እኔን ሲጠይቁኝ መዝገቡ ላይ ያለውን ብቻ እነግራቸዋለሁ።

ያልነገርኩት ያን ጠዋት እሳቸው ውስጥ ሆነው ሲደውሉ፣ እኔና ወንድማቸው ፊት ለፊት ተቀምጠን የተባባልነውን ነው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። «አካም ቡልተን፣ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ፣ እመቤት አለኝ። ድምፁን አወቅሁት፤ ያ በስልኩ የሚስቀው ድምፅ ነው። እሱም ድምፄን ሳያውቀው አልቀረም፣ ፈገግ አለ። ረቡዕ ማታ ኦሊቃ መጥቶ እንዳለቀሰ ነገረኝ። ስሙን ለወንድሙ ስለሰጠ አንድም ቀን ቆጭቶት እንደማያውቅ፣ እንዲያውም ስሙ ህንድ አገር ድረስ ስለሄደ ደስ ይለው እንደነበር ነገረኝ። ወዲያው ፈርሞ ነበር። ትናንት ጠዋት ተነሥተው ከምሳ በፊት እዚህ ሊደርሱ ነበር።

«እኔ ነኝ ያቆየሁት» አለ። «የሽንኩርት መኪና ሐሙስ መጣ፤ ልጫን፣ አርብ እንሄዳለን አልኩት። እንቢ፣ ዛሬ ነው አለኝ። አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ተቆጣሁት፣ ታላቁ ነኝና ዝም አለ።»

ከሐሙስ ምሳ በፊት። ደብዳቤው የመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። መዝገቡ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

«ኦሊቃ ነግሮኛል፣ ቀድሞ የተናገረ ሰው አይባረርም አለ» ሲል ወደ ፊት ተጠጋ። «ቀድመናል አይደል፣ አዴ?»

ቀድማችኋል አልኩት። እሱም አመነኝ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ወንድሙን መጠበቅ ጀመረ።